አባቴ ገበያ ወርዶ የገዛው ክር

ልጅ እያለሁ እናቴን ያለ እንዝርት አይቻት አላውቅም። ተራራው ላይ ኦቾሎ መንደር ካለው ቤታችን ምንጭ ስትወርድም፣ ከጎረቤት ስታወራም እንዝርቷ ይሾራል። ዛሬ ያ እንዝርት ከታች ከተማው፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤቴ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ባየሁት ቁጥር ሳቄ ይመጣል።

አባቴ ሸማኔ ነበር። በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ጋቢው ሲሸጥ ግን ገንዘቡ የአባቴ ነው፤ የእናቴን ድካም የሚያነሳ አልነበረም። ለትምህርት ስደርስ እናቴ ትምህርት ቤት እንዲያስገባኝ ለመነችው። «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን? ለልብስና ለደብተር የሚሆን ገንዘብ የለኝም» አላት። እኔ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ።

እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱን ፈትል ሳታጓድል ሌላ ፈትል ጀመረች። ጥጡን ደጋግማ እየባዘተች፣ አባቴ አይቶት የማያውቅ ቀጭን ክር ታወጣለች። ልቃቂቶቹን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ለጎረቤታችን ትሰጣለች፤ እሷ ሲቀላ ወርዳ ትሸጥላታለች። ያን ሁሉ ምስጢር ሆዴ እንዴት እንደቻለው እንጃ።

አንድ የገበያ ቀን አባቴ ለሙሽራ ነጠላ የሚሆን ክር ፍለጋ ራሱ ሲቀላ ወረደ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። የእንሰት ቅጠሉን ፈትቶ ክሩን በጣቶቹ እያሻሸ፣ «እዩት እስቲ! ጎረቤታችን የአንዲት ሴት አደራ ነው ብላ ሸጠችልኝ። ኪሴን አራግፌ ነው የገዛሁት። ይህን የፈተለች ሴት ባሏ ምንኛ ታድሏል!» አለ።

«መታደሉንስ ታድሏል» አለች እናቴ፣ እንዝርቷን ሳታቆም። «መች አወቀው እንጂ!»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አባቴ እኔን አየ፣ ክሩን አየ፣ ከዚያ የእናቴን ጣቶች ትክ ብሎ አየ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። የለኝም ብሎ ለክሩ የከፈለው ገንዘብ ልብስና ደብተር ሆነልኝ፤ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ያደረሰኝም ራሱ ነው። ከዚያ ወዲያ የእሷን ክር ዋጋውን ሳይሰጣት አልሸመነውም። እናቴም በዚያው ገንዘብ ታናናሾቼን አስተማረች፣ ቤታችንንም አሳደሰች። እንደሷ ያለ ቤት አያያዝ እስከ ዛሬ አላየሁም።

እኔ በመምህርነት ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ልጄ የቢሮ ሠራተኛ ናት። ደመወዝ ሲገባ ከባሏ ጋር ቁጭ ብለው ስለወሩ ወጪ ይመካከራሉ። ሳያቸው ደስ ይለኛል፤ ስለ እናቴ ግን ትንሽ ይቆጨኛል። አባቴ አጠገቡ የሚውለውን እጅ ለማወቅ ሲቀላ ድረስ መውረድ ነበረበት።