ጭነት ያልነካው ጀርባ

አባቴን «ፋዘር» ያላቸው አስጎብኚ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሀብሩ ውስጥ ሰባውን ያለፈ ሰው «ፋዘር» አይባልም። «አባ» ይባላል፤ የማያውቁትን ሰው ደግሞ «አንቱ» ብሎ መጥራት ይቻላል፣ ምላስ አይቆርጥም። ግን የሰውየው ጥፋት ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አህያ ነጂ ነበሩ። መኪና ከማይገባበት የሀብሩ ገጠር ማሽላና ጤፍ ጭነው መርሳ ገበያ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ጨውና ነጭ ጋዝ ይጭናሉ። እኔም የተማርኩት በአህያ ጀርባ ነው። ዛሬ መርሳ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ቀልድ ይመስላቸውና ይስቃሉ።

ነጂነቱን ከተዉ በኋላ አንድ ነገር ያስጨንቃቸው ጀመር፤ ገጣባ። መጫኛ የፋቀው የአህያ ጀርባ መጀመሪያ ይላጣል፣ ቀጥሎ ይቆስላል፣ ሲድን ደግሞ ቁስሉ በነበረበት ቦታ ነጭ ጠጉር ይበቅላል። «ስንቱን ጀርባ ገጣባ አድርጌያለሁ» ይላሉ ሰግደው ሲጨርሱ። «አፍ የላቸውም እንጂ፤ የቂያማ ቀን አላህ አፍ ሲሰጣቸው ምን ልመልስ ነው?» አንድ ቀን እንደ ማጽናኛ ከማስተምረው ነገር ጠቀስኩላቸው፤ አፋር በረሃ ውስጥ ሰው ጭኖት የማያውቅ የዱር አህያ አለ አልኳቸው።

«ጭኖት የማያውቅ?»

«ዘር ማንዘሩንም ሰው ጭኖ አያውቅም፣ አባ።»

«ያን ጀርባ አንድ ቀን አይቼ በሞትኩ» አሉ። ከዚያ ወዲህ የሚያነሱት ይህንኑ ሆነ። ያን ጊዜ አንዱ ዐይናቸው ጠፍቶ ነበር። ሁለተኛውም እየጠበበ መሆኑን፣ በኦፕራሲዮን የሚመለስ እንዳልሆነም ወልድያ ያየቻቸው ሐኪም ነግራናለች።

ስለዚህ አንድ አስጎብኚ ለእኛ ለመምህራኑ ወደ በረሃው ፓርክ ጉዞ ሲያዘጋጅ አባቴንም አስመዘገብኩ። የመምህራን ማረፊያው በሳቅ ፈረሰ። «መርሳ ገበያ የሞላውን አህያ ለማየት በረሃ ድረስ?» አለ አንዱ። ሌላው ብሶ «ደግሞስ በምን ዐይናቸው ሊያዩት?» አለ። አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል ብዬ አለፍኩት፤ ግን ቂሜን እስካሁን አልተውኩም።

ሳይነጋ ከመርሳ ተነሣን፣ ወልድያ የቀሩትን ጭነን፣ ሐራ ላይ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ሻይ ጠጥተን ወደ ቆላው ወረድን። አስጎብኚው ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጎ «ሳፋሪ» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ፓርኩ ስንደርስ ጠባቂ ይዘን እንግባ ብንለው «እንደ ቤቴ ነው የማውቀው» ብሎ እንቢ አለ። አባቴ ከመኪናው ለመውረድ ሲዳብሱ ደግሞ፣ «ፋዘር፣ እርስዎ ጥላ ውስጥ ቢቀሩስ? መቼም ለማየቱ ...» ብሎ በእንጥልጥል ተወው። ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው፤ አንድ ቃል ቢጨምር በጥፊ እለው ነበር።

ቀኑን ሙሉ በመኪና እየዞርን አቧራ ቃምን። ሁለት ሰጎን ከሩቅ አየን፤ አንዲት ሚዳቋ ከቁጥቋጦ ወጥታ ሮጠች። አህያ የሚባል የለም። ፀሐዩ ዘቅዘቅ ሲል ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ አስጎብኚውም ላብ በላብ ሆነ። በደረቀ ወንዝ ዳር ስናልፍ ግን ከአንድ ግራር ሥር ብቻውን የቆመ ግራጫ አህያ ታየን።

«አቁም! የዱር አህያ!» ብሎ ጮኸ አስጎብኚው። አባቴን ይዤ ከሌሎቹ ጋር ወረድኩ፤ ስልክ ያልመዘዘ ሰው አልነበረም። «ጀርባው ላይ ያሉትን ነጫጭ ነጥቦች ታያላችሁ? የዱርነቱ ምልክት ናቸው!»

የዱር አህያ ምልክት እግሩ ላይ ነው፤ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁር መስመር መስመር አለው። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምስለው እኔ ነኝ። የዚህኛው እግር ግን አንድም መስመር የለበትም። ነጫጩን ነጥብም የአህያ ነጂ ልጅ አይስተውም። የሆነ ሰው ሲደክምበት በረሃ ላይ ጥሎት የሄደ ምስኪን የጭነት አህያ ነው።

አባቴ ክንዴን ጨመቁት። «ይታይሃል?»

«ይታየኛል፣ አባ።»

«ለኔ ጥላ ብቻ ነው። ጀርባውስ? ንጹሕ ነው?»

ፊታቸውን አየሁት። ርእሰ መምህሩ እየሳቀ ፎቶ ያነሣል፤ ሁሉም ደስ ብሎታል።

«ንጹሕ ነው፣ አባ። ምንም የለበትም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ከዚያ ማንም ሳያስበው ማፏጨት ጀመሩ። አህያ ውኃ ሲያጠጡ የሚያፏጩት፣ ቀስ ያለው ረጅሙ ፉጨት ነው።

«ፋዘር! ያባርሩታል እኮ! ዝም ይበሉ!»

አህያው ጆሮውን አቆመ። ከግራሩ ሥር ወጥቶ፣ እያነከሰ ቀጥታ ወደ አባቴ መጣና አፍንጫውን ደረታቸው ላይ አሳረፈ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። አስጎብኚው «ሰው ለምዶ ነው» አለ፣ ሳያፍር! አባቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ አንገቱን ዳበሱ፣ ወደ ጀርባው ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ መዳፋቸው ቆመ። ጠባሳውን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱት።

«ገጣባ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱዕ የያዙትን ውኃ በእፍኛቸው እያደረጉ አጠጡት፤ አንድ ጠብታም አላስቀሩም።

እኔ አስጎብኚውን አንገቱን አንቄ ነበር። ያገላገሉኝ ጓደኞቼ ናቸው። ሌባ አልኩት፣ ውሸታም አልኩት፣ በሽማግሌ ተስፋ የምትነግድ አልኩት። መኪና ውስጥም አላቆምኩም፤ ሐራ እስክንደርስ ስሳደብ፣ እንደምከሰው ስዝት ነበር። አባቴ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ለእሳቸው የምከራከር መስሎኝ ድምፄን ይበልጥ ከፍ አደረግኩ።

በመጨረሻ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ። «ተው ልጄ» አሉ። «አህያውን ፈርተህ ዳውላውን አትምታ። ሰውየው ባዳ ነው፣ እኔን አያውቀኝም። ዐይኔ አንተ ነበርክ።»

ወልድያ ደረስን፣ መርሳ ገባን፤ ቂም የያዙ አይመስሉም፣ እንደ ወትሮው መርቀውኝ ተኙ። አሁን ሁለተኛውም ዐይን ጠፍቷል። ጠዋት በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ሰማዩ ዳምኖ እንደሆነ፣ መንገዱ ላይ ማን እንደሚያልፍ ይጠይቃሉ። አጠገባቸው ብሆንም የሚጠይቁት ባለቤቴን ነው፤ እሷ ወጥታ እስክትነግራቸው ይጠብቃሉ።