የናዳ ጠባቂዋ ደርቤ

ደርቤ ያርጋል ከደባርቅ በታች፣ ገደል ሥር በተወሸቀች መንደር በገብስ እርሻ የምትተዳደር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከሁለት ክረምት በፊት ናዳ ወንድሟን ከነበሬዎቹ ከቀበረው ወዲህ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ከቤቷ ወጥታ ገደሉን ታያለች።

ባለሙያዎች መጥተው ገደሉ ወገብ ላይ ሰባት ሴንሰሮች ሲተክሉ ጠባቂ ለመሆን እጇን ያወጣችው እሷ ብቻ ነበረች። ሴንሰሮቹ ጡብ የሚያካክሉ ሳጥኖች ናቸው። ስልክ በማይሠራበት አገር፣ ባንዲት ትንሽ ባትሪ ዓመት ሙሉ እየሠሩ፣ መሬቱ ፈቀቅ ሲል ደርቤ ቤት ወደተሰቀለው መቀበያ ምልክት ይልካሉ። አረንጓዴ ከሆነ ሰላም ነው፤ ቀይ ከበራ ሰው ይውጣ።

ሰኔ ላይ ቀዩ በራ። መንደሩን በሙሉ በዝናብ አስወጣች። ኋላ ሲታይ ለካ ላም የአንዱ ሴንሰር ምሰሶ ላይ ስትታከክ ኖሯል! ሰው ሁሉ ሳቀባት።

በፍልሰታ ጾም፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ቀዩ እንደገና በራ። ደግሜ ብሳሳትስ? ዝም ብልስ? መቀበያውን ጠጋ ብላ ስታይ ከሰባቱ ሴንሰሮች አራቱ ይጣራሉ። አራት ቦታ ላም አይታከክም። ለገደሉ ወደሚቀርበው ወደ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ቤት ሮጠች።

“አባ፣ ይውጡ! መሬቱ እየሄደ ነው።”

“ደግሞ ላሚቱ እንዳትሆን፣ ልጄ?” አሉ ቄሱ ከተቀመጡበት ሳይነሱ።

“ከሆነች ይሳቁብኝ። ወንድሜን በእነዚህ እጆቼ ነው ከጭቃ የቆፈርኩት። እርስዎን መቆፈር አልችልም፣ አባ።”

ቄሱ እጆቿን አዩ። መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ፤ እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከተለ።

ማዶ ሜዳው ላይ ቆመው ቢጠብቁ ምንም የለም። ዝናቡ አባራ፤ ሕፃናት በብርድ አለቀሱ። ጎረቤቷ ፀጋው “ጥጆቼን ላምጣ” ብሎ ሲነሳ ደርቤ ጋቢውን አፈፍ አደረገችው።

“ልቀቂኝ፣ አንቺ ሴት!”

“ይቀደድ እንጂ አለቅህም!”

ሲጓተቱ ገደሉ አጓራ። ድንጋይ፣ ጭቃና ዛፍ ባንድ ላይ ወረደ። የቄሱ ቤትና የፀጋው በረት ከነጥጆቹ ዐይናቸው እያየ ጠፉ። ፀጋው ባለበት ቁጢጥ አለ። ደርቤ ያኔ ጋቢውን ለቀቀችው።

ሰው አልሞተም። መንደሩ ሜዳው ላይ ሰፍሯል፤ ከናዳው የተረፉት ሦስት ሴንሰሮች ዛሬም ምልክት ይልካሉ። ባለሙያዎቹ ሌሊት እንደማትተኛ ሰምተው፣ አዝነውላት ጥበቃውን ለሌላ ሰው እንስጠው ቢሏት እምቢ አለች።

“እንቅልፍ የለኝም፣ እውነት ነው” አለቻቸው። “ግን የማይፈራ ሰው እንዳታስቀምጡበት።”