የነጭ ጋዝ ሽታ

ያርጋልን ደባርቅም ዳባትም የሚያውቁት በእጁ ነው። የስፌት መኪና ሲበላሽ ይጠሩታል። ይመጣል፣ ይፈታል፣ ያጥባል፣ ይገጥማል፣ ብዙ ሳያወራ ይሄዳል። «ማን አስተማረህ?» ሲሉት «ጋሼ ክንዴ ቤት ነው የለመድኩት» ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ። ጋሼ ክንዴ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ያስተማርኩት አንድም ነገር የለም።

ያርጋል የባለቤቴ የፋንታዬ ልጅ ነው። አባቱ ጃናሞራ ላይ በበሽታ ሲሞት እናቱ ይዛው ወደ ደባርቅ መጣች፤ እኔም አገባኋት። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቱ ነበር። በሽማግሌዎች ፊት «ልጇ ልጄ ነው» ብያለሁ። እንዲህ ያለ ቃል ለማግባት የቸኮለ ሰው ሁሉ ይናገረዋል። በዓመቱ የራሳችን ሴት ልጅ ተወለደች፣ ቤቱም በእሷ ሞላ። ፋንታዬ አረቄዋን ትሸጣለች፣ ሕፃኗን ታጠባለች፤ ልጁ በልቶ እንደሆነ የምትጠይቀው ሲመሽ ትዝ ካላት ነው። እኔ ደግሞ አልጠይቅም። የሚተኛው ሱቁ ውስጥ በአግዳሚው ላይ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለብሶ ነበር። ስሙን ጠርቼ አላውቅም፤ «አንተ» ይበቃው ነበር። ብዙ አልመታሁትም። ለዚህም ራሴን ደግ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የሚመታ ሰው ቢያንስ ልጁን ያየዋል።

ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረ። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሄዶ፣ ወደ ድብ ባሕር የሚወርዱትን የጭነት መኪናዎች ሲቆጥር ይውላል አሉ። ትምህርት ቤቱ ወላጅ ይምጣ ብሎ ደብዳቤ ላከብኝ። አልሄድኩም። በደብዳቤው ጀርባ የአንድ ደንበኛ የኮት ልክ ጻፍኩበት።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ከልክዬዋለሁ። ስምንት ዓመት ሲሆነው የስፌት መኪናዬን ሊሞክር ብሎ መርፌ ሰበረ። ጣቶቹን በማስመሪያ እንጨት መታሁና «ሁለተኛ ብትነካት እጅህን አብሬ እሰፋዋለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ወደ መኪናዋ ሲጠጋ አላየሁትም።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ማሾ ጠፋ። ጎልማሶቹ ፊደል የሚቆጥሩበት ትልቁ ፋኖስ ነበር። አስተማሪው ወደ አዲ አርቃይ ከተዛወረ በኋላ መማሪያው ቤት ሲከፈት ማሾው በቦታው የለም። ሊቀ መንበሩ የአብዮቱ ንብረት ነው ብሎ ፎከረ፤ መሣሪያ የያዙ ጥበቃዎች ቤት ለቤት ፈተሹ፣ አላገኙም። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ የአባቶቻችን ልማድ ይሻላል አሉና አውጫጭኝ ተቀመጥን።

አውጫጭኝ ማለት የሰፈሩ አባወራ በሙሉ አንድ አጥር ውስጥ ይገባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ሥራው አይመለስም። እያንዳንዱ በተራው ከሽማግሌዎቹ ፊት ይቀርባል፣ ይምላል፣ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። የተናገረው ሰው አይገለጥም። «ወፍ ነገረችን» ተብሎ ያልፋል። ወፏ ማን እንደሆነች ያወጣ ሽማግሌ የተረገመ ነው።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ያገሬው ገበሬ መቀመጥ ያውቅበታል፤ እኔ ግን ተቃጠልኩ። ልብስ ሰፊ በዓመት ውስጥ እንጀራውን የሚያገኘው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው። ሱቄ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ አለ፣ የልጆች ካኪ አለ፣ ግማሹ ገና አልተቆረጠም። ሰው በአጥሩ ቀዳዳ «ክንዴ፣ ልብሴስ?» እያለ ይጣራል። በሦስተኛው ቀን ተራዬ ሲደርስ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ ባሻ ገብረ ክርስቶስ አስማሉኝና «የምታውቀውን» አሉኝ።

የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአውጫጭኙ በፊት ባለው ሰኞ ልጁ መቀሱን ሲያቀብለኝ ሸሚዙ ነጭ ጋዝ ሸቶኝ ነበር። ቤታችን የምናበራው ኩራዝ ትንሽ ናት፤ እሷንም የምትሞላው ፋንታዬ ናት። ማሾ ደግሞ በነጭ ጋዝ ነው የሚበራው። በእርግጥ ጠርጥሬው ነበር? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ብዙውን የፈለግሁት ወደ ሱቄ መመለስ ነበር። ጎንበስ ብዬ «ፋንታዬ ይዛው የመጣችው ልጅ ጋዝ ይሸታል» አልኩ። ልጄ አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ባሻ ተነሥተው ወፍ እንደነገረቻቸው አስታወቁ። ያርጋልን አመጡት። አንዱ ሽማግሌ ሸሚዙን አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። ፋኖሱን የት እንደሸጠ ጠየቁት። ጋዙ ከየት መጣ አሉት። ወደ እኔ አንድ ጊዜ አየና አቀረቀረ። እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች፤ እኔም ለአጥር እንደ ተተከለ እንጨት ቆምኩ። ቀበሌው አራት ቀን ካሰረው በኋላ ጠባዩ ይታረም ብሎ ጎንደር ወደሚገኝ የልጆች ማቆያ በጭነት መኪና ላከው። እኔ ሲሳፈር አልሸኘሁትም። የሙሽራዋን ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። በግንቦት መኪናዬ ሥራ አስቸገረችኝ። ፔዳሉ ይከብዳል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ስፌቱ ይዘላል። ዘይት ባደርግላትም አልተሻላትም። ዓመታት ሙሉ እንዲህ ሆና አታውቅም፤ ይህንንም የእኔ እጅ ቅልጥፍና ነው ብዬ ለሰው እናገር ነበር። ብታገላት ብታገላት ሲያቅተኝ ከጎኔ ሱቅ ያለውን ነጋዴ ሸሀቡን ጠርቼ ብሶቴን ነገርኩት።

ሸሀቡ መኪናዋን ሳይሆን እኔን አየኝ። «ልጁን ሰደዳችሁት፤ ታዲያ ማን ያጥብልህ?» አለኝ።

ምን ማለትህ ነው አልኩት። እሱም ዘርዝሮ ነገረኝ። ያርጋል በገበያ ቀን የጨው ጆንያ ይደረድርለታል፤ ዋጋው አንድ ጣሳ ነጭ ጋዝ ነው። እሑድ ጠዋት እኔ ቅዳሴ ስሄድ መኪናዋን ይፈታል፣ ክፍሎቿን በጋዝ ያጥባል፣ በጨርቅ አድርቆ ዘይት ይቀባል፣ እኔ ሳልመለስ ገጥሞ ይጨርሳል። ይህን ሲያደርግ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሸሀቡ እኔ ያዘዝኩት መስሎት ነበር።

ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ያን ዕለት አፈርኩ፤ ማፈር ምን እንደሆነም ያን ዕለት ገባኝ።

ሰው ይህን ከሰማ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት ሕፃንም ያውቀዋል። ባሻ ዘንድ ሄዶ «ወፏ እኔ ነኝ፤ ሽታ ብቻ ይዤ ነው የተናገርኩት፤ ሽታውም የእኔው መኪና ነው» ማለት ነው። ደጃቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን ቀን እንግዳ አለባቸው ብዬ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን ብቻቸውን ነበሩ፤ ስለ ዝናብ አውርተን ተለያየን። የእንጀራ ልጁን ያሳሰረ ልብስ ሰፊ መባልን ፈራሁ። ልጁ በዚያ ፍርሃቴ ሦስት ወር ተጨማሪ ታሰረ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ጠራም፣ በእኔ አይደለም እንጂ። ነሐሴ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ማሾውን ይዞ መጣ። አስተማሪው ከመዛወሩ በፊት ጎንደር አሠራልኝ ብሎ ሰጥቶት፣ ሾፌሩ በዚያው ወደ አሰብ ታዞ ከርሟል። ሽማግሌዎቹ ወፏ ተሳስታለች ብለው ልጁ እንዲለቀቅ ወረቀት ጻፉ። ወፏ ማን እንደነበረች የጠየቀ የለም። ወረቀቱንም ያስያዙት ለእኔ ነው፤ አባት ነህና ውሰድ አሉኝ።

ባዶ እጄን ላለመሄድ ካኪ ሱሪ ልሰፋለት ተነሣሁ። መቀሱን እንደያዝኩ ቀረሁ። የባሻን ወገብ በእንቅልፌ ብጠየቅ እናገራለሁ፤ የደባርቅ ሰው ትከሻ በደብተሬ ተጽፏል። የዚህ ልጅ ግን ቁመቱም ወገቡም የለኝም። ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር አንድ ቀን ለክቼው አላውቅም። የሚለብሰው ከደንበኛ የተረፈ ነበር። በግምት ሰፋሁት።

ጎንደር ላይ ዘበኛው አመጣልኝ። ራሱን ተላጭቷል፣ ረዝሟል። ሱሪውን ሰጠሁት፤ በግቢው ጥግ ሄዶ ለበሰው። ከጉልበቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀረ። አንድ ሌላ ልጅ ሳቀ። ያርጋል አልሳቀም፣ «ይበቃኛል» አለ። የሰፋሁት ለዐሥር ዓመት ልጅ ነበር።

ከግቢው ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ካሁን በኋላ ድፍረት እንደማላገኝ ስላወቅሁ ተናገርኩ።

«ለሽማግሌዎቹ የጠቆምኩህ እኔ ነኝ።»

«ዐውቃለሁ» አለ። «ጋዝ ይሸታል ሲሉ ዐወቅሁ። ከእርስዎ በቀር እኔን የሚጠጋ ሰው አልነበረም።»

«ታዲያ መኪናዋን አጥቤ ነው ለምን አላልክም?»

ሱሪውን ወደ ታች እየሳበ ቆየ። «እንዳትነካት ብለውኝ ነበራ» አለ።

እስር ቤት ከእኔ ቁጣ ቀልሎት ነበር። ይቅርታ አልኩት፣ እሱም እሺ አለ፤ ትልቅ ሰው ለጠየቀው ሁሉ እሺ እንደሚል ልጅ ነው ያለው። ቤት ስንደርስ ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ትንፋሹን ውጦ ቆመ፤ ጣቶቼ ሲነኩት ደነገጠ።

ዛሬ ያርጋል ጢም ያበቀለ ሰው ነው። ከዳባት ሲመጣ ሳይጠይቀኝ አያልፍም፤ ለፋንታዬ ስኳር ይዞ ይመጣል፣ ከእኔ ዋጋ አይቀበልም። እኔ አርጅቻለሁ፣ መኪናዋም አርጅታለች። የነጭ ጋዙን ጣሳ ያስቀምጣል፣ እጅጌውን ይሰበስባል። ደንበኞች ባሉበትም ቢሆን፣ ስንት ጊዜ ተው ብዬው፣ እጁን ሳይዘረጋ ቆሞ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ልንካት?» ይለኛል።