የጭቃው ቤት ጃንጥላ

እትዬ ሮማነወርቅ «ቤተክርስቲያን አግኝቻለሁ» ሲሉኝ አላመንኳቸውም። እንዴት ልመን? በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት ነው የማወራችሁ። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆሴ ውስጥ የኛ ቤተክርስቲያን አልነበረም። ለማስቀደስ ኦክላንድ ድረስ መሄድ ነበረብን፤ እዚያም የሰው አዳራሽ ተውሰን ነው። እኔ ደግሞ እሁድ እሁድ ሥራ ስለምገባ የሚወስዳቸው የለም።

«የት አገኙት?» አልኳቸው።

«ባስ ከምወርድበት ዞር እንዳልክ። ነጭ ነው፣ ጭቃ ነው፣ አጥር አለው።»

«ቄስ አለው?»

«ጠዋት ስደርስ ሁሌ ዝግ ነው። ከውጭ ተሳልሜ ሥራዬ እገባለሁ። አንተ ምን አገባህ?»

ምን አገባህ! ይህችን ቃል ከሳቸው ስሰማ ነው የኖርኩት። እኔ መንገሻ እባላለሁ፣ የኤርፖርት ቫን ነው የምነዳው። እሳቸው ከኔ አፓርትመንት በላይ ይኖራሉ፤ አንድ ሆቴል ሎንድሪ ውስጥ አንሶላ ያጣጥፋሉ። አፋቸው ስለታም ነው፣ ልባቸው ግን ደግ ነው፣ ለሰው የማይሆኑት የለም። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ አምሐ ይባላል። ከአዲስ አበባ አብረው ወጥተው፣ መተማ ላይ ድንበር ሲሻገሩ ተኩስ ተከፈተና ሰው ሁሉ ተበታተነ። እናት በአንድ በኩል ሮጡ፣ ልጅ በሌላ በኩል። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ጠበቁት። ስፖንሰር ሲመጣላቸው «ያለ ልጄ ንቅንቅ አልልም» ብለው ነበር፤ «አሜሪካ ሆነው ቢያፈላልጉት ይሻላል» ተብለው፣ እያለቀሱ አውሮፕላን ላይ ወጡ።

እዚህም ፍለጋቸውን አልተዉም። አንድ ቀን ኦክላንድ አጠገብ፣ ኤመሪቪል መብራት ላይ ቆሜ ሳለሁ «አቁም!» ብለው ጮሁብኝ። ቆሜያለሁ እኮ! በሩን ከፍተው ወርደው መንገደኛ ጎረምሳ ክንዱን ያዙት። ዞር ሲል ሌላ ሰው ነው። ተመልሰው ገቡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እኔም ሬዲዮውን አጠፋሁት።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ባስ አመለጣቸውና እኔ ይዣቸው ሄድኩ። «እዚህ ጋ ፓርክ አድርግ» አሉኝ። ወርጄ ሳይ፣ በሁለት ፎቅ መሀል አንዲት ዝቅ ያለች ነጭ ቤት። ግድግዳዋ ወፍራም፣ መስኮቷ ትንሽ፣ በሯ እንጨት። እትዬ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ አማትበው የአጥሩን እንጨት ሳሙ። እኔ ግን ዓይኔ በሩ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ነበር። ቤቱ ሙዚየም ነው። ስፔኖች በነበሩበት ዘመን የተሠራ መኖሪያ ቤት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከቀሩት አሮጌ ቤቶች አንዱ።

ሳቄ አመለጠኝ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው! የሰው ቤት ነው የሚሳለሙት!»

«ውሸትህን ነው! ጭቃ መሆኑ አይታይህም? አሜሪካ ለእግዜር ካልሆነ ለማን ብሎ ጭቃ ይመርጋል?»

ሰሌዳውን አነበብኩላቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። «ጃንጥላ ተስያለሁ» አሉ። «አምሐን ካመጣልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ፣ እዚህ ደጅ ነው የተሳልኩት። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ የለመንኩት ማንን ነው?»

ያኔ ሳቄ ጥርሴ ላይ ቀረ። አገር ቤት ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ስለት ጨዋታ አይደለም። የተሳሉበት ደብር ይገባል፣ ሌላ ቦታ አይሰጥም። ደብሩ ደብር ካልሆነስ? ይህን ማንን ይጠይቃሉ?

ክፍት በሚሆንበት ሰዓት ይዣቸው ተመለስኩ። ቤቱን የምታስጎበኘው ዶሮቲ የምትባል ሽበታም ፈረንጅ ናት፣ ትሁት። እኔ እያስተረጎምኩ እትዬ ጠየቋት፦ «ማን ነበር የሚኖርበት?»

አንድ ወታደር ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር፣ አለች። ስለ ባልየው ብዙ ነገረችን። ስለ ሚስትየዋስ? «ስለሷ ብዙ አናውቅም። ልጆች እንደወለደች ብቻ ነው የምናውቀው።»

እትዬ የግድግዳውን ውስጥ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። «እናት ከኖረችበት ይሄ ግድግዳ ልመና ሳይሰማ አልቀረም» አሉ። «ደብሩን እኔ ብሳሳት፣ እግዜር እኔን አይሳሳተኝም።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማቸው! ሆቴሉ የጣለውን ቀይ ከፈይ መጋረጃ አመጡ። እንግዳ ረስቶት የሄደ ትልቅ ጃንጥላ ነበራቸው፤ ጨርቁን ቀደው ያንን ከፈይ አለበሱት፣ ዙሪያውን የወርቅ ቀለም ዘርፍ ሰፉለት። ሲያልቅ በአንሶላ ጠቅልለው ጥግ አቆሙት። አንድ ቀን «እስቲ ይክፈቱትና ልየው» ብላቸው፣ «አምሐ ሲመጣ ታየዋለህ» አሉኝ። ዓመት አለፈ። አንሶላው ተፈትቶ አያውቅም።

በሰማንያ ስድስት ክረምቱ ዶፍ ሆነ፣ ሰማዩ የተቀደደ ነው የሚመስለው። አንድ ጠዋት እትዬ በሬን ሊሰብሩት ደረሱ። ያንን የተጠቀለለ ጃንጥላ አቅፈዋል።

«ተነስ! ቤቱ ሊፈርስ ነው። ማዕዘኑ ተልጦ ጭቃው እየወረደ ነው፣ ትናንት አይቼዋለሁ። ዛሬ አስገባለሁ።»

«ልጁ ሳይመጣ? እትዬ፣ ስለት እኮ የሚገባው ሲሰምር ነው! እንዲህ የሚያደርግ ሰው የት አለ?»

«ቤቱ ከፈረሰ አምሐ ሲመጣ ለማን ላስገባ ነው?» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። «ደከመኝ፣ መንገሻ። ልጄ ናፈቀኝ። ዓይኑን አስታውሳለሁ፣ ሌላው ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ፊቱ ሳይጠፋብኝ ስለቱን ላስገባ።»

ቫኑን አስነሳሁ።

ዶሮቲ በረንዳው ሥር ቆማ ዝናቡን ታያለች። ሠራተኞች ግድግዳውን ላስቲክ አልብሰውት ነበር፣ ግን ማዕዘኑ ላይ ነፋስ ገልጦታል። ነገሩን አስረዳኋት። ከንፈሯን ነከሰች። ከቤቱ ዘመን ያልሆነ ዕቃ መቀበል አይፈቀድላትም። አዝናለሁ፣ በጣም አዝናለሁ አለች፤ ማዘኗንም አየሁ።

«አልተቀበለችም?» አሉ እትዬ። መልሴን አልጠበቁም። ጫማቸውን አወለቁ፣ አንሶላውን ፈቱ፣ ጃንጥላውን ዘረጉት። እኔም ያየሁት ገና ያን ቀን ነው። ቀይ ከፈይ፣ ዝናቡ ውስጥ ዘርፉ እያበራ። ይዘውት ሄደው የተላጠውን ማዕዘን አስጠለሉበት።

አገር ቤት ቢሆን ስለት ሲገባ ሕዝቡ እልል ይላል፣ ያጨበጭባል። እትዬ ብቻቸውን እልል አሉ። አንዴ አሉ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው እምቢ አላቸው። እኔ ነጂው፣ ነገረኛው፣ ምንም ሳላስብ ማጨብጨብ ጀመርኩ። ዶሮቲም ምን እንደሆነ ሳይገባት አጨበጨበች። ከዚያ ገመድ አምጥታ ጃንጥላውን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አሰረችው። «ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ብቻ» ብላ።

ዝናቡ አባራ። ግድግዳው ተለስኖ እንደገና ነጣ። ጃንጥላው ግን አልወጣም፤ ዶሮቲ አድርቃው በሩ ውስጥ ሰቅላዋለች። ጎብኚ ከጠየቃት «የጎረቤታችን ነው» ትላለች አሉ።

አምሐ ግን እስከዛሬ አልመጣም። ሰማንያ ዘጠኝ ገባን። ካርቱም አየሁት ያለ ሰው ነበር፤ ሲጣራ ሌላ ሆነ። ቀይ መስቀል ስሙን መዝግቧል፣ መልስ የለም። እትዬ አንሶላቸውን ያጣጥፋሉ፣ በየጠዋቱ ከባስ ወርደው ይሳለማሉ።

ባለፈው ሳምንት እኔ አደረስኳቸው። በሩ እንደ ልማዱ ዝግ ነው። ጫማቸውን አወለቁ። እኔም አወለቅሁ፣ ምን ላድርግ። አጥሩን ስመው ቀና አሉና፣ ቀጠሮ ያፈረሰ ዘመዱን እንደሚቆጣ ሰው፣ ጮክ ብለው ወደ ሰማይ ተናገሩ።

«እኔ የኔን አስገብቻለሁ። ሦስት ዓመቱ ነው። አንተስ?»

ቆመን ጠበቅን።