የግራው ስፒከር

አቧራ የጠጣ አምፕሊፋየር ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ አለ። ካኪ ልብስ ሲተኮስ ከሚሸተው ጋር ይቀራረባል፤ ትንሽ ብቻ መረር ይላል። ባለፈው ሰሞን አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ቁጭ ከማለቴ ይኸው ሽታ ከባንኮኒው በኩል መጣና ማዘዜን ረሳሁ። አስተናጋጇ "እህቴ፣ ምን ልታዘዝ?" እያለች ቆማለች። እኔ እዚያ የለሁም። ሶዶ፣ ገበያው አጠገብ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ነኝ፤ እናቴ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ ጥቁር ሳጥን ላይ ተጠግታለች።

እንዲህ ከመሃል ብጀምርልህ አይገባህም። ከመነሻው ልንገርህ።

ቤታችን ወላይታ፣ ሻንቶ የምትባል ከተማ ነበር። አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር አጠገብ ስለቆመ ጆሮው ደንዝዞ "እንደምን አደራችሁ" ሲል እንኳ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማው ነበር። ወንድሜና እኔ ለትምህርት ብለን ሶዶ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ወንድሜ ግን ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መዘምራን ውስጥ ገብቶ። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ የመዝሙር ካሴት እንደ አሸን የፈላበት ዘመን ነበር፤ ካሴት ያላወጣ ኳየር እንደ ኳየርም አይቆጠር። የእነሱም ወጣ። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ቀርጸው መጡ። ሽፋኑ ላይ ሁሉም ቢጫ ጋውን ለብሰው ተደርድረዋል፤ ወንድሜ ከፊት ሆኖ ጥርሱን ብልጭ አድርጓል። እናቴ ያንን ሽፋን ያላሳየችው የሻንቶ ሰው የለም።

ከዚያ ወንድሜ እንደ ብዙ የአካባቢያችን ልጆች በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሣ። ደህና ነኝ የሚል ወሬ ስንጠብቅ ቆይተን አብሮት የሄደ ልጅ ሌላ ወሬ ላከ። መንገድ ላይ ታሞ ሞተ፤ ስሙን የማያውቁት ጫካ ውስጥ ቀበሩት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለቅሶ ሳይቀመጡ መቆየት በእኛ ዘንድ ከባድ ነው። ዘመድ መጥቶ ማልቀስ ይፈልጋል፤ ጎረቤት ገበያ ላይ ሲያገኝህ ምን እንደሚልህ ይጨንቀዋል። የአባቴ ወንድሞች በየጊዜው እየመጡ "ድንኳን እንትከል እንጂ፣ እስከ መቼ?" ይሉ ነበር። እናቴ ግን እምቢ አለች። "ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ምን አይቼ ነው የማለቅሰው?"

ወፍጮው ሥራ ላይ ሲሆን ብቻዋን ቤት ትገባና ካሴቱን በአሮጌው ቴፓችን ትከፍታለች። ቴፑ አንድ ስፒከር ብቻ ነበረው፤ እሱም የተቀደደ። ያ ሁሉ ዘማሪ እንደ ገንፎ አንድ ላይ ተላቁጦ ነው የሚወጣው። እናቴ ከዚያ ውስጥ ልጇን ትፈልጋለች። ሶዶ መጥታ ሲዘምር ሰምታው አታውቅም፤ የምታውቀው ድምፁ ሳይጎረንን በፊት ቤት ውስጥ ሲያንጎራጉር ነው። አንድ ቀን ቴፑን ዘጋችና አባቴን "አንዴ ድምፁን ለይቼ ልስማው። ከዚያ ድንኳኑን ትከሉ፣ እኔም አለቅሳለሁ" አለችው። በወላይትኛ ነው ያለችው፤ በወላይትኛ ይበልጥ አንጀት ይበላል።

እኛ ቤት ስፒከርና አምፕሊፋየር የገባው እንዲህ ነው። ሰው ለሠርግ ይገዛል፣ ለጉራ ይገዛል፤ እኛ ለለቅሶ ገዛን።

ሱቅ የሄድን ዕለት ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ላይ ገና አልተነሣም። አባቴ የዱቄት ብናኝ ያለበትን ኮቱን ለብሶ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ እናቴ ካሴቱን በመሀረብ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ይዛለች። ዕቃ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ የወንድሜ ጓደኛም አብሮን ነበር። ከወንድሜ ጋር አንድ ኳየር ውስጥ ይዘምር ነበር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ማይክና አምፕሊፋየርም የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር ጫማውን የሚያይ ልጅ።

ነጋዴው መጀመሪያ ያወጣልን ወገብ ድረስ የሚደርሱ ትልልቅ ሳጥኖች ነበሩ። ካሴታችንን አስገብቶ ሲከፍተው መደርደሪያው ላይ ያሉት ቴርሞሶች ተንጫጩ፤ እኔም ደረቴ ላይ ተሰማኝ። አባቴ ፊቱ በራ።

"ይኼ ነው ድምፅ ማለት!" ብሎ ጮኸ።

እናቴ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ይቺ ወፍጮ ናት" አለች በአማርኛ፣ ነጋዴው እንዲገባው። "ወፍጮማ አለን። ልጄ የት አለ?"

"እማማ፣ ባስ የሌለው ዕቃ ምኑን ዕቃ ሆነ?" አለ ነጋዴው። ጉዳያችንን አያውቅም፤ ምን ያድርግ።

ያኔ ነው ጓደኛው አፉን የከፈተው። የሰው ድምፅ መሃል ላይ ነው ያለው፣ ባሱ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ከበዛ ይውጠዋል አለ። ከመደርደሪያው ጥግ ጠበብ ያሉ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን ሳጥኖች አስወረደ። ነጋዴው ለእነሱ ትንሽ አምፕሊፋየር አቀረበ፤ ከፍ ሲያደርጉት የሴቶቹ ድምፅ ተሰነጠቀ። ጓደኛው ትንሹን አስነቅሎ የትልልቆቹን ሳጥኖች አምፕሊፋየር ከጠባቦቹ ጋር አጋባው፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ከፈተው።

"ለማይጮኽ ነገር ይኼ ሁሉ ጉልበት?" አለ አባቴ።

"ጋሼ፣ ጉልበት ካለው ሳይጨነቅ ይናገራል።"

አባቴ አልገባውም። ጭንቅላቱን ግን ነቀነቀ፤ ዕቃ የሚያውቅ ልጅ ይዘን መጥተን አንከራከርም ብሎ መሰለኝ።

አምፕሊፋየሩ እየሞቀ ሲሄድ ያ ሽታ ሱቁን ሞላው። እናቴ ነጠላዋን ገልጣ ጎንበስ አለች። ጓደኛው ድምፁን ለግራና ለቀኝ ስፒከር የሚያከፋፍለውን ባላንሱን ወደ ቀኝ አዞረው፤ ሴቶቹ ብቻ ቀሩ። ወደ ግራ መለሰው። ከግራው ስፒከር ወንዶቹ ወጡ፣ ከወንዶቹም መካከል አንድ ድምፅ ነጠል ብሎ፣ ጥርት ብሎ መጣ። እናቴ እጇን አነሣች።

"ቆይ! ቆይ፣ እንዳትነካው። ይኼ ነው። ልጄ ነው!"

እኔ የወንድሜን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሸሚዙን ሲያጥብም፣ ሽሮ ሲሠራም በዚያች ክፍል ውስጥ ሲዘምር ኖሯል። ወፈር ያለ፣ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ የሚቀር ድምፅ ነበረው። ከሳጥኑ የሚወጣው የእሱ አልነበረም። ጓደኛውን አየሁት። ጣቱ ባላንሱ ላይ እንዳለ ነው፤ አንገቱን ደፍቷል።

"አንተ አብረኸው ነበርክ" አለችው እናቴ። "እሱ ነው አይደል? ንገረኝ እስቲ።"

አባቴም ነጋዴውም ወደ እሱ ዞሩ። ካሴቱ ይዞራል። ልጁ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት፣ ጫማውን አላየም።

"አዎ እናቴ" አለ። "እሱ ነው።"

ሳጥኖቹን መኪና ላይ ስንጭን ጓደኛው ለብቻዬ ነገረኝ። የተቀረጹ ዕለት ወንድሜ ጉሮሮው ተዘግቶ ትንፍሽ ማለት አቅቶት ነበር፤ ስቱዲዮው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ዋለ። የሽፋኑን ፎቶ ቀድመው ሶዶ ተነሥተውት ስለነበር ምስሉ ሽፋኑ ላይ እንዳለ ቀረ። አፍሮ፣ ቤተሰቦቼ እንዳይሰሙ ብሎ መዘምራኑን አስምሏቸው ነበር።

"ታዲያ ያ ድምፅ የማን ነው?" አልኩት፣ እያወቅሁት።

"የኔ ነው።"

ሳጥኑን በአንድ በኩል ያዝኩለትና አብረን ጫንነው።

እናቴ ቃሏን አላጠፈችም። ድንኳኑ ተተከለ፣ ስፒከሮቹ ደጅ ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ዘማሪ ሲሞት የእሱ ኳየር ለቅሶ ቤት መጥቶ መዘመሩ፣ የቅርብ ጓደኛውም መምራቱ ያለ ወግ ነው። መዘምራኑ ከሶዶ መጡ፤ ተሰልፈውም ቆሙ። ሰው ሁሉ ጓደኛውን ይጠብቃል። እሱ ከአግዳሚው አልተነሣም።

"ጉሮሮዬን አሞኛል" አለ።

አንድ መዝሙር ቢመራ እናቴ ድምፁን ትለየው ነበር። ከቤተሰቡ ይኼን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አጎቴ ከኋላዬ "ጓደኛ ተብሎ! አፈር ለበላው ልጅ አንዲት መዝሙር ይሰስታል?" ሲል ሰማሁት። እሱም ሰምቷል፤ ቅርብ ነበር። መዘምራኑ ያለ መሪ ዘምረው ሲጨርሱ እናቴ ካሴቱን ክፈቱልኝ አለች።

ከግራው ስፒከር ያ ድምፅ በእንሰቱ ላይ አልፎ እስከ መንገዱ ተሰማ። እናቴ ያኔ ነው የጮኸችው። ወሬው ከመጣ ጀምሮ ውስጧ የተያዘው ሁሉ ወጣ፤ የወንድሜን ስም እየጠራች ደረቷን መታች፣ ሴቶቹም ተከተሏት፣ አባቴም እንደ ሕፃን አለቀሰ። በሕይወት እያለ ለገዛ ድምፁ ሲለቀስለት ተቀምጦ የሰማ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው። እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አድርጎ እስኪያልቅ ሰማ። በኋላ እናቴ አጠገቡ ሄዳ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። "አይዞህ ልጄ" አለችው፣ "አንተም ዛሬ እንደኔው ነህ።"

ከዚያ በኋላ ኳየሩን ተወው። በዴሳ ከተማ መምህር ሆኖ ተቀጠረና እዚያው አገባ፣ ወለደ። በየጊፋታው፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ግን እናቴን ሳይጠይቃት አይቀርም ነበር። ምግብ ታቀርብለታለች፣ ካሴቱን ትከፍትለታለች፤ እሱም "አቤት ድምፁ!" ስትለው "አዎ እናቴ" እያለ ይሰማል። እንደሱ ያለ ድምፅ ያለው ሰው፣ ወላይታ ምድር ላይ መዝሙር ሳይዘምር፣ አስበው እንግዲህ! በሠርጌ ጊዜ ጥግ ወስጄ እንዲዘምርልኝ ለመንኩት። ሳቅ አለና "እናትሽ እያለች?" አለኝ። ተናድጄበት ነበር፤ አንድ ቀን ለኔ ሲል ቢረሳት ምን ነበረበት ብዬ።

እናቴ ያረፈችው ኢሕአዴግ ሊፈርስ በተቃረበ ሰሞን ነው። ጓደኛው ሪዙ ሸብቶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በሞተር ከበዴሳ መጣ። አፈሩ ተመልሶ ሰው ሊበተን ሲል ማንም ሳይጠራው ወደ መቃብሩ ወጣና ዘመረ። ጎርንኗል እንጂ ያው ድምፅ ነው። ለእናቴ እስከዚያች ደቂቃ ደርቄ ነበር፤ ያኔ እንባዬ ወረደ። ዓይኗ የደከመው አሮጊት አክስቴ ክንዴን ጨብጣ ጆሮዋን ወደ ድምፁ አዘነበለች።

"ልጇ መጣ እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "መጥቷል።"