በስንዝር የሰፋው ምድጃ

ባለምድጃውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጭቃና ገለባ ካላቦካ ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መሥራት ሲማር፣ አሠልጣኟ ከመዳፍ የማትሰፋ ቁራጭ እንጨት ሰጥታው ነበር። «የምድጃው አፍ ከዚች አይበልጥ። ከሰፋ ማገዶ መቆጠቡ ቀረ፤ ከሦስት ጉልቻ አይሻልም» ብላ ደጋግማ ነግራዋለች። እሱም «እሺ፣ እትዬ» ብሎ ቁራጯን ኪሱ ከተተ።

የመጀመሪያዎቹን ምድጃዎች የሰፈሩ ሴቶች አልወደዱለትም። «ይሄን ጠባብ ነገር ምን ላድርገው? ቀኑን ሙሉ እንጨት ስፈልጥ ልዋል?» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ባሎቻቸው እንደሆኑ መጥረቢያ ሲያዩ ወገባቸውን ያማቸዋል። ገዢ ጠፋ። ታዲያ ባለምድጃው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቁራጯን እሳት ውስጥ ወርውሮ የምድጃውን አፍ በስንዝር ለካው። ጉማጁ ሳይፈለጥ ይገባል። ይኼኔ ተወደደለት! «እጅህ ይባረክ» ሲባል ከረመ። ሰው ምስጋና ሲበዛለት ጆሮው ይደፈናል መሰለኝ፤ በጫካው ዳር ያለው ደረቅ እንጨት ሙጥጥ ብሎ አልቆ እርጥቡ መቆረጥ ሲጀምር እንኳ እሱ የሚያማው የዝናቡን መጥፋት ነበር።

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይባል የለ? የገዛ ቤቱም ምድጃ ያው ነበር። ሚስቱ «ምነው ይሄ ምድጃ እንጨት አልጠግብ አለ?» ስትለው «እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ነው» ይላታል። የቁራጯን ነገር ግን ትንፍሽ ብሎላት አያውቅም። ስምንት ዓመት አመነችው። ጫካው ሲሸሽ ተከትላው ሄደች፤ የአንድ ሰዓቱ መንገድ ግማሽ ቀን ሆነ። ዘንድሮ አፋፍ ላይ ከቀረ ዛፍ ቅርንጫፍ ልትቆርጥ ወጥታ ወደቀች፣ ዳሌዋም ተሰበረ። ሐኪሙ «በምርኩዝ ከሄደች ተመስገን በሉ» አላቸው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ባለምድጃው የቤቱን ምድጃ በመዶሻ አፈረሰና በመዳፉ እየለካ አዲስ ሠራ። ሲደርቅ ሁለት እንጨት በስሱ ፈልጦ ውሃ ጣደ። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ታየዋለች። ድስቱ ብዙ ሳይቆይ ተንተከተከ።

«በሁለት እንጨት ብቻ?» አለች፤ ከወደቀች ወዲህ ፊቷ ሲፈካ ገና ማየቱ ነው። «ጎሽ የኔ ጌታ! መቼ ተማርከው?»

«በቅርብ» ሊላት ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ደስ ብሏት ሲያያት ግን ቃሉን መልሶ ዋጠው።

«ድሮም አውቀው ነበር» አላት። «እንጨት መፈለጥ ሰለቸን ሲሉኝ ነው የተውኩት።»

ድስቱን አየችው፣ ከዚያ እሱን።

«እኔ እኮ ብትነግረኝ እፈልጥ ነበር» አለችው።