«ባዶ» የተባለው የእናቴ ጓሮ

ዛሬ እናቴ ከነሥሩ የነቀለችውን ጤና አዳም ከፌስታል አውጥታ የግንባታው መሐንዲስ የዘረጋችው ካርታ ላይ ከነአፈሩ ዘረገፈችው!

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሰፈራችን ቂርያት ሃዮቨል ከተዘጋ የቆየው የልብስ ፋብሪካ ሊፈርስ ነው። ቤት፣ ሱቅና መናፈሻ ያለው «አረንጓዴ ሰፈር» ይሠራበታል ተብሎ ማትናስ፣ የሰፈሩ ሕዝብ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ተጠራን።

እማዬ እዚያ ፋብሪካ ስትሰፋ ነው የኖረችው። ሲዘጋ እሷና ጓደኞቿ የጀርባውን ቆሻሻ ጠርገው ጎመንና ጤና አዳም ተከሉበት። ካርታው ግን «ባዶ መሬት» ይላል።

መሐንዲሷ ስታስረዳ እናቶቻችን ጭጭ ብለው አዳመጡ። በእኛ ወግ ተናጋሪ አይቋረጥማ! እሷ ግን «ተቃውሞ ከሌለ፣ ቶዳ» ብላ አመስግና ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች።

ያኔ ነው እማዬ የተነሣችው።

«ልጄ፣ ጨረስሽ? እንግዲያ አሁን የእኛ ተራ ነው። ይኼ የበቀለው ባዶ ካላችሁት መሬት ነው።»

(ወደ ዕብራይስጥ ስተረጉም ትንሽ ላለሰልሰው አስቤ ነበር። ገና አፌን ስከፍት ገላመጠችኝ፤ እንዳለ ተረጎምኩት።)

መሐንዲሷ «ወደፊት እናየዋለን» አለች።

«አሁን ጻፊው» አለች እማዬ። ጓደኞቿም አንድ በአንድ ተነሥተው አጠገቧ ቆሙ። ማንም አልተቀመጠም።

መሐንዲሷ ካርታው ላይ «ባዶ» የሚለውን ሰርዛ በእስክሪብቶ «የአትክልት ቦታ» ብላ ጻፈች።

በእስክሪብቶ የተጻፈ እንደሚሰረዝ አናጣውም። ነገ ጠዋት ግን ጎመኑን ውሃ እናጠጣለን።

እናንተስ? በጨዋነት ዝም ስትሉ «ተስማምተዋል» የተባለባችሁ መቼ ነው? ጻፉት። እነሱ ተናግረው ጨርሰዋል፤ አሁን የእኛ ተራ ነው።